ቧንቧ ተነቅሎ አይሸጥም

እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ሰፈሩ «እጀ ቀላል» ይላታል፤ ማበጠሪያዋ የተቋጠረ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የተቀመጠችው ሴት ወሬዋን እንኳን አታቋርጥም። እኔ እታለም እላታለሁ። እናታችን ስታርፍ እሷ ገና ልጅነቷን አልጨረሰችም፣ እኔ ደግሞ የጫማዬን ክር ማሰር አላውቅም ነበር። በሰው ፀጉር ቤት ጭንቅላት እያጠበች፣ ወለል ላይ የወደቀ ፀጉር እየጠረገች አሳደገችኝ። የኤሌክትሪክ ሙያ ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ ክፍያው የወጣው ከጣቶቿ ነው። ስለዚህ ስለ እሷ ሳወራ ሚዛናዊ እሆናለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴ ይበርድልኝና ልናገር ብል ደግሞ መቼም አልናገረውም።

ለብዙ ዓመት በሰው ቤት ከሠራች በኋላ የራሷን ቤት ከፈተች። ቤት ስል አንዲት ክፍል ናት፤ ከግቢው በር አጠገብ፣ ፊቷን ወደ መንገድ ያዞረች። አንድ ትልቅ መስታወት፣ አንድ የሚዞር ወንበር፣ ጠርዙ የተሸረፈ የራስ ማጠቢያ ገንዳ፣ ሴቶቹ ተጠቅልለው ሥሩ የሚቀመጡበት አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ያውም ያገለገለ። ካስኩን ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሲነሳ ያጓራል፣ ግን ያደርቃል።

ደንበኛ አልጠፋም። የጠፋው ውሃ ነው። የግቢው ቧንቧ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲመጣም እንደ ክር ቀጥኖ ነው። እህቴ ውሃ በጀሪካን ትገዛለች፣ በድስት ታሞቃለች፣ በጣሳ እየቀዳች ታጥባለች። አንድ ጊዜ የአንዲት ሚዜ ራስ ላይ ሻምፖው አረፋ እንዳወጣ ውሃው አለቀ። ልጅቷ ፎጣ ተከናንባ፣ ዐይኗ እየተቃጠለ፣ ጎረቤት ሄዳ ታጠበች። ከዚያ በኋላ አላየናትም፤ ጓደኞቿንም ይዛቸው ቀረች። ከመንገዱ ማዶ ግን ዋናው የውሃ መስመር ያልፋል። ሌላው ሰው የሚመኘው መኪና ነው፣ ቪላ ነው። እህቴ የምትመኘው መንገዱን የሚያቋርጥ አንድ ቱቦ ነበር።

ብድርና ቁጠባው ሰፈራችን የገባው ይኼኔ ነው። አምስት ሴቶች አንድ ቡድን ይሆናሉ፣ አንዷ ለሌላዋ ዋስ ትሆናለች። አንዷ ካልከፈለች አራቱ ይከፍላሉ፤ ካልሆነ ማንም ሁለተኛ ብድር አያገኝም። የእህቴ ቡድን ውስጥ አጥሩን ተጋርተውን የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ነበሩበት። እናታችን ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው፤ ሁለታችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የትምህርት ቤት ልብሴን እንኳን ከወዳደቀ ጨርቅ አገጣጥመው ይሰፉልኝ ነበር። ቡድኑን የሚከታተለው የብድር ሠራተኛ ወጣት ነው። ስለማይቋረጥ ፈገግታው ሴቶቹ «ፈገግታው» ብለው ሰየሙት። ሲያናግራቸው ሁሉንም «እህቴ» ይላል።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያው ብድር ጠቅሟል። ትንሽ ነበር፣ የሚመለሰውም በቀስታ ነበር። እህቴ ሻምፖና የፀጉር ቀለም ከቸርቻሪ መግዛቷን ትታ ከአከፋፋይ በካርቶን አመጣች። ትርፏ በዓይን የሚታይ ሆነ። እትዬም የሚዘመዝም የስፌት መኪና ገዙና ሥራቸው ፈጠነ። ፊታቸው ሳይቀር ወዝ አወጣ። ሰው እንደሰው ቢያዝ ብድር ክፉ ነገር እንዳልሆነ ያን ዓመት አይቻለሁ። ንዴቴንም የሚያባብሰው እሱ ነው።

ለሁለተኛው ብድር እህቴ ይዛኝ ሄደች። የቱቦውን ርዝመት፣ የሙያተኛውን ዋጋ፣ ሁሉንም አጣርተን ነበር። ቅርንጫፉ ጠባብ ነው፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የሚስቁ ሴቶች ፎቶ፣ ጥግ ላይ አንድ አዛውንት ጥበቃ። ፈገግታው በደንብ አዳመጠን። አልተቻኮለም። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ለቧንቧ አናበድርም» አላት።

ለምን ብላ ጠየቀችው።

«ቧንቧ ተነቅሎ አይሸጥም። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ምን ይዘን እንሄዳለን? ንብረት ግዢ። ካስክ ጨምሪ፤ ሁለት ካስክ። በአንድ ጊዜ ሦስት ሴት ታደርቂያለሽ።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። የክፍሉ መስመር ሦስት ካስክ እንደማይችል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማብራት እንኳን እንደሚከብደው ነገርኩት። እህቴም ሳትታጠብ የምትደርቅ ሴት እንደሌለች ነገረችው። ፈገግ እንዳለ ሰማን፣ ፈገግ እንዳለ መለሰልን። የተፈቀደው ለሚታይ ንብረት ነው፤ አለበለዚያ ወረፋው ለሌላ ያልፋል። እህቴ ካልወሰደች ደግሞ ቡድኑ ስለሚጎድል አራቱም አያገኙም። እትዬ ጨርቅ በጥቅል ሊገዙ ቀጠሮ ይዘው ነበር። እህቴ እሱን አስባ ፈረመች። ከዚያ ወጣን። እህቴ ስትናደድ ዝም ነው የምትለው፤ የኔን ንዴት ግን መንገደኛው ሁሉ ሰምቶታል።

ካስኮቹ መጡ። የሚያብረቀርቁ፣ አዲስ፣ ላስቲካቸው ያልተላጠ። ገጠምኳቸው። ሁለቱን ሳበራ የመብራቱ ብርሃን ደከመ፤ ሦስተኛውን ስነካ ቆጣሪው ጣለና የግቢው መብራት በሙሉ ጠፋ። ተከራዮቹ ከየክፍላቸው ወጥተው ተቆጡን። ወፍራም መስመር ለማስገባት እንዲያበድሯት ብትጠይቅ መልሱ ያው ነው፤ እሱም ተነቅሎ አይሸጥም። እህቴ ሁለቱን አዳዲስ ካስኮች አንሶላ አለበሰቻቸው። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነ ለመጥረግ ስትዞር ትጋጫቸዋለች። ደንበኞቹ «እነዚህ የተሸፈኑት ሙሽሮች እነማን ናቸው?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። መጀመሪያ ላይ እሷም ትስቅ ነበር።

የማይሠራ ዕቃ ዕዳ ግን በየሳምንቱ ይከፈላል። ፀጉር ቤት ደግሞ ገቢው እንደ ደመወዝ አይደለም፤ ሰርግ በሚበዛበት ወር ወንበሩ አይበርድም፣ በሌላው ወር ሥራው ዝንብ ማባረር ነው። እህቴ ይህን ብታስረዳም ሰሚ አላገኘችም። ስለዚህ ከየት እንደምትቀንስ መፈለግ ጀመረች። መጀመሪያ ጥሩውን ሻምፖ ተወችና ርካሹን ገዛች፤ ፀጉር ማሳከክ ጀመረ። ዋጋ ጨመረች፤ የቆዩ ደንበኞቿ አኮረፉ። የምትገዛውን ውሃ ቀነሰች፤ የፀጉር ማለስለሻ ክሬሙ በደንብ ሳይለቅ የሚነሱ ሴቶች ኖሩ። በመጨረሻ ጓንት መግዛት አቆመች። ቀለሙና ክሬሙ ጣቶቿን በላቸው። ቆዳዋ ተሰነጠቀ፣ ጥፍሯ ጠቆረ። አንድ ቀን ዳቦ ስትቆርስ ጣቷ ሲደማ አይቼ ሳህኑን ገፍቼ ተነሳሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ።

ከሁለተኛው ብድር በፊት በወንበሯ ላይ ይቀመጡ ከነበሩት ሴቶች ግማሾቹ ቀርተዋል። በብድርና ቁጠባው ዘንድ ግን እህቴ ካስኳ ከአንድ ወደ ሦስት ያደገላት፣ ክፍያዋን የማታሳልፍ፣ ጎበዝ ሴት ነበረች።

እትዬ የወደቁት በዚያ መሃል ነው። ከገበያ ሲመለሱ ደረጃ ላይ ተንሸራተው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጀሶ ውስጥ የገባ እጅ ጨርቅ አይገፋም። ሥራቸው ቆመ፣ ክፍያቸውም ቆመ። ፈገግታው ቡድኑን ሰበሰበ። የሰበሰበው የትም አይደለም፣ እህቴ ክፍል ውስጥ ነው፤ ደንበኛ አስነስታ። ለታመመ ሰው ጊዜ የሚሰጥበት መንገድ ይኖር እንደሆነ እህቴ ጠየቀችው። የቡድኑ ትርጉም መተሳሰብ ስለሆነ እርስ በርሳቸው ይተሳሰቡ አላቸው። መተሳሰብ ያለው ምን እንደሆነም አስረዳ፦ ወይ አራቱ ለእትዬ ይከፍሉላቸዋል፣ ወይ ሄደው የስፌት መኪናቸውን ያመጣሉ። ራሱ ሄዶ አያመጣም። የሚሄዱት ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

እህቴ አልሄድም አለች። የእትዬን ድርሻ እንከፋፈል ብላ ለመነቻቸው። ሦስቱ ሴቶች ግን ፈሩ፤ ሁሉም ልጅ አላቸው፣ ሁሉም ዕዳ አለባቸው። አልፈርድባቸውም ለማለት ሞክሬአለሁ። አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል።

እህቴ ቀድማቸው እትዬ ጋ ሄዳ ስለነበር የሆነውን በዓይኗ አይታለች። ሴቶቹ ሲገቡ እትዬ አልተቆጡም። እንዲቀመጡ ወንበር ሰጧቸው። በመኪናው መርፌ ሥር ጫፉ ያልተዘመዘመ የሰው ቀሚስ ነበር፤ በማግሥቱ የሚወሰድ። «እሱን ብቻ ልጨርሰው» አሉ። በግራ እጃቸው ጨርቁን ያዙ። ቀኛቸው አይንቀሳቀስምና መዘውሩን የሚያዞር ሰው ፈለጉ። መኪናውን ሊወስዱ ከመጡት ሴቶች አንዷ ተነስታ አዞረችላቸው። ቀስ፣ ቀስ እያለች፣ ጨርቁ እስኪያልቅ። ከዚያ እትዬ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፣ ቀሚሱን አጠፉ፣ መኪናውንም ሴቶቹ ይዘውት ወጡ።

እህቴ ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች አልነበረም። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ብሎ ለመስማት መጠጋት ነበረብኝ።

ጥቂት ቆይቶ ፈገግታው በደስታ መጣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ውጤታማ የሆነች ተበዳሪ ማየት ይፈልጋሉ፤ እህቴ ተመርጣለች። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ክፍሉ ይጸዳ፣ አንሶላው ይነሳ፣ ሦስቱም ካስክ ይብራ፣ ሥሩም ሦስት ሴት ይቀመጥ። እህቴ እሺ አለች። እንዲያ በቀላሉ እሺ ስትል ደንግጬ አየኋት። እሱ ከሄደ በኋላ እኔን ጠራችኝ።

«በዚያ ቀን ና። ቆጣሪው ጋ ግን እንዳትሄድ» አለችኝ።

እንግዶቹ በጠዋት መጡ። አለቃቸው ንጹሕ ሱፍ የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ካሜራ የያዘች ልጅ አብራቸው አለች። ፈገግታው ከፊት ከኋላ ይላል። ካስኮቹ ሥር ሁለት ደንበኞችና እትዬ ተቀምጠዋል። እትዬ ጀሷቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ዘመድ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለዋል። ካሜራ የያዘችው ልጅ መጀመሪያ ፎቶ አነሳች። ከዚያ እህቴ አንደኛውን አበራች። ሁለተኛውን አበራች። የመብራቱ ብርሃን ደከመ። ሦስተኛውን ስትጫን ቆጣሪው ጣለ፣ ክፍሉም ጸጥ አለ።

ፈገግታው እኔን አየኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

እህቴ ወደ ገንዳው ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች። ምንም አልወረደም። ወደ እንግዶቹ ዞራ እነሱም ጠጋ እስኪሉ ድረስ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ያለኝ ይኼ ነው። እነዚህን ሁለቱን ከገዛኋቸው ጀምሮ ሠርተውልኝ አያውቁም፤ እንደማይሠሩ ከመግዛቴ በፊት ተናግሬአለሁ። የጠየቅኋችሁ ውሃ ነበር።»

አለቃው አልተቆጡም። የብድሩ ክፍያ እስካሁን ሳይጓደል መመለሱን፣ ቡድኗ ከቅርንጫፉ አንደኛ መሆኑን በትሕትና አስታወሷት።

«ተመልሷል» አለች እህቴ። «ከየት እንደተመለሰ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ከሻምፖዬ ነው የተመለሰው። ከጣቴ ነው። ከእሳቸው መኪና ነው።»

ሁሉም ዞረው እትዬን አዩ። እትዬ ከካስኩ ሥር ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወጡና ፈገግታውን ጠየቁት።

«ልጄ፣ መኪናዬን ማን ገዛው?»

በደንቡ መሠረት መሸጡን ነገራቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ። ማን ገዛው ነው ያልኩህ። መርፌውን ትንሽ ወደ ግራ ካላዘነበሉት ክር ይበጥሳል። ሰውየው እንዳይቸገር ብዬ ነው።»

ማን እንደገዛው የሚያውቅ አልነበረም። አለቃው ሰዓታቸውን አዩ። አስተያየቱ ጠቃሚ መሆኑን፣ እንደሚታይ ተናግረው ወጡ። እኔ አንድ ሰው ያፍራል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ማንም አላፈረም። ተሳስተው የሰው ቤት እንደገቡ ሰዎች ይቅርታ ብለው፣ ወለሉ ላይ ያለውን ፀጉር እየዘለሉ፣ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ፈገግታው ብቻ በሩ ላይ ዞር ብሎ «እህቴ፣ ራስሽን ጎዳሽ» አላት። ያኔ ፈገግታ አልነበረውም። ፊቱ ያለዚያ ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ያበገነኝ። አንዲት ደንበኛ ገብታ «እጀ ቀላል፣ ቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ አየሁሽ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት የተነሳው ፎቶ ነበር። በትልቅ ባነር አሳትመውት፣ እህቴ መሃል ቆማ፣ ካስኮቹ ሲያብረቀርቁ፣ እትዬ ከነጀሷቸው ጥግ ላይ ግማሽ ጎናቸው ተቆርጦ። ከሥሩ «በብድራችን ሕይወቷን ቀየረች» ይላል። ቀይረውታል፤ ውሸት ነው ማለት አልችልም።

እህቴ ሽርጧን ሳታወልቅ ሄደች። እኔ ተከተልኳት። ቅርንጫፉ ሰው ሞልቷል። ወንበር ስባ ወጣችበትና ባነሩን ከጥግ በኩል መንቀል ጀመረች። አዛውንቱ ጥበቃ ተነሱ፤ የሚይዟት መስሎኝ ወደ ፊት ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ወንበሩ እንዳይወላገድ እግሩን ያዙላት፤ ምስማሩን ተጠንቀቂም አሏት። ፈገግታው ሮጦ መጥቶ ይህ የተቋሙ ንብረት ነው አለ።

«ፊቱ የኔ ነው» አለችው እህቴ። «ፊቴን አላበደርኳችሁም።»

ጠቅልላ ይዛው ወጣች። ፕላስቲኩ ጠንካራ ስለነበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ከገንዳው ኋላ ቸነከረችው፤ ውሃ ሲረጭ ግድግዳውን ያድናል። ዕቃ አይባክንም በእህቴ ቤት።

ሁለቱን ካስኮች ከገዛችበት በጣም ባነሰ ዋጋ ሸጠች። የቀረውን እኔ ሰው ቤት መስመር እየዘረጋሁ ካገኘሁት ጨምረን ዕዳውን ዘጋን፤ ቡድኑም ፈረሰ። ሲፈርስ ግን ዕዳ ብቻ ይዞ አልሄደም። አብረው ውሃ ይቀዱ የነበሩ ሴቶች ዛሬ በመንገድ ሲተላለፉ ቦርሳቸው ውስጥ የጠፋ ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ። መዘውሩን ያዞረችው ሴት እትዬን ከሩቅ ስታይ ማዶ ትሻገራለች። እትዬ ከዚህ ጎን ሆነው «ደህና ዋልሽ» ይሏታል። አትመልስም፤ መቻሏን እንጃ።

ቧንቧውን ያስገባነው ማንም ሳያበድረን ነው። እህቴ የግቢውን ተከራዮች በር በር እየመታች አናገረች፤ ውሃው ለሁሉም ከሆነ ሁሉም ያዋጣል። በቆጣሪው ጊዜ የተቆጡን ሰዎች አካፋ ይዘው ወጡ። ቦዩን እኛው ቆፈርን፣ ሙያተኛው ቱቦውን ቀጠለ። ለሰርግ ወራት ግን አልደረሰልንም፤ ስንት ደንበኛ በዚያ መሃል እንደሄደ እሱ አንድዬ ያውቃል። አሁን ሻምፖው ደህናው ነው፣ ጓንትም አለ። ወንበሩ ቀስ እያለ እየሞላ ነው፤ የጣቶቿ ጥቁረት ግን አልለቀቀም። ቀድማ ውሃውን አግኝታ ቢሆን ዛሬ ሁለት ወንበር ይኖራት ነበር ብዬ ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ፈገግታው አድጎ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል። በእሱ ቦታ የመጣችው ልጅ ትሑት ናት። በቅርቡ መጥታ እህቴን ወደ አዲስ ቡድን ጋበዘቻት። እህቴ ማበጠሪያዋን ሳታቆም ግቢው ወፍራም የመብራት መስመር ማስገባት እንደሚፈልግ ነገረቻትና ለዚያ ታበድሩናላችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ወለሉን አየች። የሚፈቀደው ለንብረት ብቻ ነው አለች። እህቴ ሻይ ጋበዘቻት፣ ሸኘቻት።

እትዬ ጀሷቸው ተፈቷል፤ አንጓቸው ግን አልቀናም። በእህቴ ክፍል፣ ካስኮቹ በነበሩበት ቦታ፣ በኪራይ የመጣ አሮጌ መኪና ላይ የሰፋ ልብስ ያጠብባሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። አንዳንድ ጊዜ ክርና ቁልፍ ሊገዙ ሲወጡ አብሬያቸው እሄዳለሁ። የልብስ ሰፊ ሱቅ ባለፍን ቁጥር በሩ ላይ ይቆማሉ። ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ከዚያ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው መኪናውን ያያሉ። ቀለሙን፣ የመዘውሩን ጠርዝ። እስካሁን የእሳቸውን አላገኙትም። አይቸኩሉም። እኔም «እትዬ፣ እንሂድ» አልላቸውም፤ አብሬያቸው ቆሜ አያለሁ።